የማይጠበው ሱሪ

ሾፌሩ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የሚደግማት አንዲት ወሬ ነበረችው። ሆዱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ «እኔ እኮ» ይላል፣ «ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ወገቤ ጣት አልጨመረም። ይኸው ሱሪው! ያኔ የለበስኩት ነው፣ ዛሬም ልክክ ይልልኛል።» ሰሚዎቹ ሆዱን ያያሉ፣ ሱሪውን ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። ሆዱ ከአውቶቡሱ መሪ ጋር መጋፋት ከጀመረ ሰንብቷል። ሱሪው ግን እውነትም ልክክ ብሏል። በዓይን የሚታይን ነገር ደግሞ ማን ይከራከረዋል?

ምስጢሩን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም ሚስቱ ናት፤ ሙያዋም ልብስ ስፌት ነው። ነገሩ ከወዲሁ የገባው አንባቢ ይኖራል፤ ቢሆንም ይታገስ፣ ሱሪው ገና ብዙ ጣጣ አለበት።

ሁሉም የተጀመረው በፍቅር ነው። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ገደማ፣ አንድ ጠዋት ባሏ ሱሪውን ሲቆልፍ ትንፋሹን ውጦ ሲታገል አየችው። ፊቱ ላይ ቅር የመሰኘት ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ያንን ፊት ዳግም ማየት አልፈለገችም። እሁድ ልብስ ስትተኩስ የሱሪውን የኋላ ስፌት በምላጭ ፈታች፣ ወደ ውስጥ ከታጠፈው ትርፍ ጨርቅ ትንሽ ለቀቅ አደረገች፣ መልሳ ሰፋችና በካውያ ተጭና ዱካውን አጠፋችው። ሰኞ ጠዋት ሾፌሩ ሱሪውን የቆለፈው እያፏጨ ነበር። ሴትዮዋም ከዚያ በላይ ምስጋና አልፈለገችም።

ከዚያማ ልማድ ሆነ። የኋላው ትርፍ ጨርቅ ሲያልቅ ወደ ጎንና ጎኑ ዞረች። የጎኑም ሲያልቅ፣ በሠርጉ ቀን ከኮቱ ሥር የለበሰውን ሰደርያ ቆርጣ ቀጫጭን ቁራጭ እያደረገች ወገቡ ላይ ቀጠለችበት። «ሰደርያዬ የት ገባ?» ሲላት «ብል በልቶት ጣልኩት» አለችው። ብሉ ራሷ ነበረች። ሸሚዙንም፣ የአውቶቡስ ድርጅቱ የሚሰጠውን ኮትም እንዲሁ በየጊዜው ታሰፋለታለች። ደህና ሰፊ እንኳ ካላገላበጠው በቀር አያውቅባትም።

ታዲያ ሴትዮዋ ማታለል የሚቀናት እንዳትመስላችሁ። ሱቋ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ እዚያ ውስጥ እውነት እንደ ሜትር ተዘርግታ ትውላለች። «ይሄ ቀለም አያምርብሽም» እያለች ስንት ደንበኛ አባርራለች። እጇ የሚዋሸው ለባሏ ብቻ ነው።

ድርጅቱ ሾፌሮቹን በዓመት አንድ ጊዜ ያስመረምራል። ዘንድሮ የመጣችው ነርስ አዲስ ናት፣ ሚዛኑም አዲስ ነው። ሾፌሩ ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ክንዱን ለደም ግፊት መለኪያው ሰጠ፣ ማታ እራት ላይ ደግሞ እየሳቀ አወራው።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል። ልጅቷም ገና ልጅ ናት፣ ከሚዛኗ ጋር በደንብ አልተዋወቁም።»

«ምን አለችህ?» አለች ሰፊዋ።

«በሦስት ወር ውስጥ ኪሎዎ ካልቀነሰ፣ ግፊትዎም ካልወረደ፣ መሪ መያዝ የለም አለችኛ! ጋራዥ በር ላይ ቁጭ ብለው የሚገባና የሚወጣ መኪና ያያሉ አለችኝ። እኔን!»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ሱሪዬ ምስክሬ ነው አልኳት። የሠርጌ ነው፣ ከፈለግሽ ነይና ንኪው አልኳት።»

«እሷስ?»

«ሱሪ ግፊት አይለካም አለችኝ። ምላሷ ደግሞ!»

ሰፊዋ አብራው ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ባሏን ታውቀዋለች። በየፌርማታው የሚጠብቁትን ሰዎች በመልክ ለይቶ ያውቃል፤ እርጉዝ ስትሳፈር ጉድጓዱን በሌላ በኩል ይዞራል፤ ተማሪ እየሮጠ ሲመጣ ያላየ መስሎ ፍሬን ይይዛል። ይህን ሰው በር ላይ አስቀምጠው የሌላ ሰው መኪና ሲያስቆጥሩት በዓይነ ሕሊናዋ አየች። ከዚያም የባሰ አለ፤ ያ ግፊት የሚሉት ነገር ከወንበሩ በፊት እሱን ራሱን ሊወስድባት ይችላል። እሱ ደግሞ አንድ ሱሪ አምኖ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

የሾፌሩ ታላቅ እህት ግቢ ለግቢ ጎረቤት ናት፤ ማታ ማታ ሹራቧን ይዛ ሱቁ ውስጥ ትቀመጣለች። ሰፊዋ «እትዬ» ነው የምትላት። ምስጢሩን የዚያን ሳምንት ዘረገፈችላት።

እትዬ ሹራቧን ሳታቋርጥ፣ «ንገሪው» አለች።

«እንዴት ብዬ እትዬ? እስከ ዛሬ ሳታልልህ ኖርኩ ልበለው?»

«አዎ፣ ልክ እንደዚያ በይው።»

«ቅስሙ ይሰበራል።»

«ይሰበራ! ወንድሜን እኔ አሳድጌዋለሁ፤ አኩርፎ ሁለት ቀን አይቆይም።»

ምክሩ ደህና ነበር፤ ሰፊዋ ግን ደህና ምክር የምትሰማ ሴት ብትሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ። ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አደረችና ጠዋት ላይ አንድ ዘዴ መጣላት። የዋሸው ሱሪው ነው፤ እንግዲያው ሱሪው ራሱ እውነቱን ይናገር። እሁድ ምላጯን አንስታ፣ ለዓመታት ስታሰፋው የኖረችውን ወገብ ትንሽ አጠበበችው።

ሾፌሩ ሰኞ ጠዋት ታገለና፣ «ይሄ የዛሬ ሳሙና ጨርቅ ያኮማትራል» አለ። ሳሙና ተቀየረ። በሚቀጥለው እሁድ ትንሽ ጨመረችበት። «ውሃው ነው፤ ቧንቧው ዝጓል» አለ። በሦስተኛው ደግሞ ካውያዋን ጠረጠረና «ቀስ ብለሽ ተኩሺ እንጂ፣ አቃጠልሽው እኮ!» ብሎ ተቆጣት። ሰውዬው ከራሱ ሆድ በቀር ያልከሰሰው አልነበረም።

በመጨረሻ የተናገረው ቁልፉ ነው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ሾፌሩ «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሊል ወገቡን ጠምዘዝ ሲያደርግ የሱሪው ቁልፍ ተፈናጥሮ የፊት መስታወቱን ቋ! አደረገው። «ድንጋይ ተወረወረ!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። ተሳፋሪው በሙሉ አንገቱን ቀበረ። ቲኬት ቆራጩ ወለሉን ሲያስስ ቆይቶ ቁልፉን አገኘና ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «የማን ነው?» ሲል በሙሉ ድምፁ ጠየቀ። ሾፌሩ ግን የቲኬት ቆራጩን ስካርፍ በወገቡ አስሮ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ነዳ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ሚስቱ ሱቅ ገባ። መስታወቱ ፊት በጎን ቆመ፣ በፊት ለፊት ቆመ።

«ወፍሬያለሁ እንዴ?» አለ በመጨረሻ፣ መርዶ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ትንሽ» አለች።

«መቼ?»

ሰፊዋ ምላሷን ነከሰች። ያኔ ብትናገር ኖሮ ስንት ጣጣ በቀረ! እሱም ራሱ መለሰው፤ «በዚህ ወር ነዋ! ባለፈው ወር ልኬ ነበር። በአንድ ወር ይህን ያህል! ሰውነቴ ምን ነካው?» ወዲያው ደግሞ ፊቱ በራ። «በአንድ ወር የመጣ ነገር በአንድ ሳምንት ይወጣል፣ ምን ችግር አለው።»

ይኸው ነው እንግዲህ የውሸት መዘዙ። ሰውዬው ቀስ በቀስ የተጠራቀመበት ሁሉ ድንገት የወደቀበት ስለመሰለው፣ ድንገት ሊጥለው ተነሳ። አማካሪውም ቲኬት ቆራጩ ሆነ። ቲኬት ቆራጩ በዘመኑ ወፍሮ የማያውቅ፣ ቀበቶው ሁለቴ የሚዞረው ሰው ነው። ይህ አላገደውም፤ ምክር እንደ ቲኬት እየቆረጠ ያድላል።

መጀመሪያ ጎመን ብቻ አለው። ሾፌሩ ጠዋትም ማታም የተቀቀለ ጎመን በላ፤ ተሳፋሪው በዚያ ብርድ የአውቶቡሱን መስኮት ሁሉ ከፍቶ መጓዝ ጀመረ። ቀጥሎ የሎሚ ውሃ አለው። ሾፌሩ ፌርማታ ያልሆነ ቦታ እየቆመ «አንድ ጊዜ መጣሁ» እያለ መሮጥ አመጣ። ከዚያ ደግሞ ከእኩለ ቀን በኋላ እህል እንዳትቀምስ ተባለ። ይሄኛው ጠባዩን ገለበጠው። ጡሩምባ ላይ ተኛ፤ የሚሮጡ ተማሪዎችን እያየ ጥሏቸው ነዳ፤ ስንት ዓመት ያመላለሳቸውን አንዲት ባልቴት «ዕቃዎን ይሰብስቡ!» ብሎ ጮኸባቸው። ባልቴቷ ሲወርዱ፣ «ልጄ፣ ምነው፣ ቤት ሰላም አይደለም?» አሉት። ይህን ሲሰማ አፈረ፤ ቢያፍርም ግን የባሰ ራበው።

ሰፊዋ ኮቱን ልትቦርሽ ስታነሳ፣ በገዛ እጇ ከውስጥ በሰፋችለት ኪስ ውስጥ አንድ ሙሉ ዳቦ አገኘች፤ ግማሹ ተበልቷል። ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሆድ ባሳት። ትልቁን ሰውዬ ዳቦ ሌባ አደረገችው። ለክትትል ነርሷ ዘንድ ሲሄድ ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። «ሚዛኑ…» ሊል ጀምሮ ተወው።

«በሚቀጥለው ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ» አለችው ነርሷ።

አብረው ሄዱ። ሰፊዋ ይህን አትብላ፣ ያንን አትንካ የሚል ነገር ጠብቃ ነበር። ነርሷ ግን ምግብ ከማንሳቷ በፊት ስለ እንቅልፍ ጠየቀች። ቴሌቪዥኑ መኝታ ቤት ነው፤ ሾፌሩ የነጻ ትግል ግጥሚያ እያየ ዓይኑ እስኪቀላ ያመሻል። ስለ እግሩ ጠየቀች። እግሩ ቤንዚንና ፍሬን ይረግጣል፣ ሌላ ሥራ የለውም። የመኪናው መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለም ጠየቀች።

«ብስኩት» አለ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ።

«መቼ መቼ ነው የሚበሉት?»

«ተሳፋሪ ሲያናድደኝ ነው፣ ሲስተር።»

«በቀን ምን ያህል ይናደዳሉ?»

ሾፌሩ አሰበ። «አንድ ፓኮ ያህል።»

ነርሷ ሳቋን እንደምንም ዋጠችው። «እሺ፣ እራትስ?»

«ማታ ስገባ፣ ከእሷ ጋር።»

«ከዚያ በፊት ምንም አይቀምሱም?»

ሾፌሩ ሚስቱን በጎን አያት። ጣሪያውን አየ። ነርሷ ዝም ብላ መጠበቅ ታውቅበት ነበር።

«ተርሚናል ላይ… ከልጆቹ ጋር… ሩዝ ነገር» አለ።

«ትንሽ?»

«ሳህን ሙሉ። ሁሉም እየበላ እኔ ልያቸው እንዴ?»

ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ዞረች። «በልተህ ነው እንዴ የምትመጣው?»

«ምን ላድርግ! አንቺ ሳትበዪ ትጠብቂኛለሽ። በልቻለሁ ብልሽ ቅር ይልሻል ብዬ…»

«እኔ? እኔ እኮ ከእትዬ ጋር በጊዜ በልቼ ነው የምጠብቅህ! አንተ ብቻህን እንዳትበላ ብዬ ነው ሁለተኛ የምቀመጠው!»

ባልና ሚስቱ ተፋጠጡ። ሁለቱም ጠግበው፣ አንዱ ለሌላው ሲል እየተጨነቀ፣ «ብላ እንጂ»፣ «አንቺም ብዪ እንጂ» እየተባባሉ ሲጎራረሱ የኖሩትን እራት ሁሉ አሰቡት። መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው ነርሷ ናት። ከዚያ ሦስቱም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ነርሷ፣ «ሆድን ብቻ ነጥለን አንቀንሰውም» አለች። «እንቅልፍም፣ ንዴትም፣ እግርም፣ ገበታም አብረው ነው የሚሄዱት። ደግሞ ቀስ ብሎ የመጣ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ አለዚያ ተመልሶ ይመጣል።»

«ቀስ ብሎ አልመጣም፣ ሲስተር» አለ ሾፌሩ። «ባለፈው ወር ነው ድንገት የመጣው። ሱሪዬ ያውቃል።»

ነርሷ አየችው። ሰፊዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጥርስ ሥዕል በጥሞና ማየት ጀመረች።

ቢሆንም ኑሯቸው ተለወጠ። እራት አንድ ሆነ፣ በጊዜ ሆነ፣ ሁለቱም ርቧቸው የሚቀመጡበት ሆነ። ሰፊዋ ባሏ በእውነት ተርቦ ሲበላ እንዴት እንደሆነ ረስታው ነበር፤ ቀስ ብሎ ያኝካል፣ በመሀል ወሬ ያወራል፣ ሲጠግብ ሳህኑን ገፋ ያደርጋል። ቴሌቪዥኑ እትዬ ቤት ተዛወረ፤ አሁን ዓይኗ የሚቀላው እትዬ ሆነች። ሾፌሩ ሥራ ሲጨርስ የድርጅቱን መኪና ትቶ በእግሩ ይመጣል፤ ሰፊዋም ሱቋን ቆልፋ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀበለዋለች። በመንገድ ላይ የቀኑን ንዴት ሁሉ ይነግራታል፤ ማን በር ላይ ተገትሮ አላሳልፍ እንዳለ፣ ማን ቲኬት አልቆርጥም ብሎ እንደተሟገተ። እሷ ደግሞ «ምን ዓይነቱ ነው!» እያለች ታግዘዋለች። ቤት ሲደርሱ ንዴቱ አልቋል፤ የመሳቢያው ብስኩትም ማንም ሳይነካው ሻገተ።

ሱሪው ላላ። ሾፌሩ አንድ ጠዋት እያፏጨ ወጣ። በማግስቱ ሰፊዋ በሱቋ መስኮት ስታይ፣ ፌርማታው ላይ ከቲኬት ቆራጩ ጋር ክሬም የሞላው ኬክ ለሁለት ሲካፈል እጅ ከፍንጅ ያዘችው። «ሱሪዬ ለቀቀ እኮ! አበቃ!» ሲል በመስኮቱ ሰማችው። ካሁኑ ከተዝናና መልሶ ሊዘፈቅ ነው። የዚያኑ እሁድ ምላጯን አነሳችና ሱሪውን እንደገና ልክክ አደረገችው።

ሾፌሩ ኬኩን ተወ፣ እርምጃውን ጨመረ። ሰፊዋ ደስ አላት። እንደገና ሲላላ እንደገና አጠበበችው። ከዚያም እንደገና። ነርሷ በየቀኑ ሚዛን ላይ እንዳይወጣ ስለመከረችው፣ የቀረው መለኪያ ሱሪው ብቻ ነበር። ተሳፋሪዎች «ቀነስክ እኮ፣ ምነው?» ሲሉት በምሬት ይስቃል። «ሰው ለማስደሰት ብሎ ይናገራል» አላት አንድ ቀን አብረው ሲራመዱ። «ሱሪ ግን አይዋሽም።» ሰፊዋ «ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ» ብላ ጎንበስ አለች።

ምርመራው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ሰዓት፣ ሾፌሩ ሱቁ ውስጥ ገባ። ቆቡን በእጁ ይዟል። ሰፊዋ የአንዲት ደንበኛ አበባ አበባ ያለበት ሰፊ ጉርድ እየሰፋች ነበር፤ መኪናዋን አቆመች።

«ወደ ስምሪት ክፍል እየሄድኩ ነው» አላት። «በር ላይ መድቡኝ ልላቸው ነው። ነገ ከሚያዋርዱኝ ዛሬ ራሴ ብጠይቅ ይሻላል።»

«ምን ሆነህ ነው?»

«አቃተኛ! ተራመድኩ፣ እራቴን ቀነስኩ፣ ቴሌቪዥኔን ሰጠሁ። ይኸው!» የሱሪውን ወገብ ያዘ። «ጣት አያስገባም። የኔ ሰውነት እምቢ ያለ ነው፣ ሌላ አይደለም። ለምን አለፋሻለሁ አንቺንም?» ድምፁ ተሰባበረ። ሰፊዋ ባሏን እንዲህ ሆኖ ያየችው እናቱ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነው።

ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ሱሪህን አውልቅ» አለችው።

«ምን?»

«መጋረጃው ኋላ ሂድና አውልቅ። ይህንን አገልድም።» አበባ ያለበትን ጉርድ ወረወረችለት።

ግራ እንደተጋባ አውልቆ መጣላት። ሱሪውን ገለበጠችው፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና መብራቱን አስጠጋች። ከዚያ ሳታሳምር፣ ሳታለሰልስ ሁሉንም ነገረችው። ስፌት ቢፈታም መርፌ የሄደበት ቀዳዳ ጨርቅ ላይ ይቀራል። በሱሪው ወገብ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተደረደሩትን የቀዳዳ መስመሮች በጣቷ አሳየችው። ሾፌሩ ጉርዱን በአንድ እጁ ይዞ ጎንበስ አለ።

«ይሄ መቼ ነው?»

«የሌሊት ፈረቃ የገባህ ጊዜ።»

«ይሄስ?»

«እናትህ ያረፉ ዓመት። እንቅልፍ አጥተህ ማድ ቤት ታመሽ ነበር።»

«ይሄ ሰፊውስ?»

«እሱን እንጃ» አለች። «ያኔ ደስ ብሎን ነበር መሰለኝ።»

የሾፌሩ ጣት አንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ቆመ። «ይሄ… ሰደርያዬ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ብል በልቶት!» አለና ቀና ብሎ አያት። መልሶ ደግሞ ጎንበስ አለ። «እነዚህስ? እነዚህ ወደ ውስጥ የገቡት አዲሶቹ?»

«የመጀመሪያዎቹ ላስደነግጥህ ብዬ ያጠበብኳቸው ናቸው። የተቀሩት ግን ያንተ ናቸው። ከነርሷ ከመጣን ወዲህ የቀነስከው ነው። በላላልህ ቁጥር እንዳትዝናና ብዬ አጠበብኩብህ።»

ሾፌሩ መስመሮቹን ደጋግሞ ቆጠራቸው። ፊቱ መጀመሪያ በራ፤ ቀጥሎ ጠቆረ።

«መወፈሬን ደበቅሽኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እሺ፣ እሱስ ይሁን። መቅጠኔንም ደበቅሽኝ። ልፋቴን እንኳ አላሳየሽኝም። የማን ሰውነት ነው ይሄ?»

ሰፊዋ ክፋት አስባ አታውቅም፤ ግን ጥያቄው እውነት ነበር፣ እውነትነቱም አመማት። «ያንተ ነው» አለች። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

ሾፌሩ ደሙ ፈልቷል። ቆቡን አድርጎ በሩን በርግዶ ሊወጣ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ፌርማታው ላይ የተሰለፈው ሕዝብ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ትልልቅ ቀይ አበባዎች አዩት። ተቆጥቶ መውጣትም ሱሪ ይፈልጋል። ተመለሰና መጋረጃው ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ሱሪውን ከጠረጴዛው ስቦ ጭኑ ላይ ዘረጋው።

«መርፌ አቀብዪኝ» አለ ሾፌሩ።

«አምጣው፣ እኔ አሁን በአንድ አፍታ…»

«አትንኪው!» አለ። «በአፍሽ ንገሪኝ እንጂ እጅሽ እንዳይደርስበት።»

ሰፊዋ እጆቿን ጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው። ሾፌሩ በእነዚያ መሪ በለመዱ ወፋፍራም ጣቶች መርፌው ላይ ክር ለማስገባት ታገለ፤ ምላጩ ሁለቴ ቆረጠው፤ ባለጉርዷ ደንበኛ መጥታ ልብሷን የለበሰውን አይታ «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። ሚስቱ ያጠበበቻቸውን አዳዲስ ስፌቶች አንድ በአንድ ፈታ። ከዚያ ወገቡን ወደ ቀድሞው ልኩ መልሶ በገዛ እጁ ሰፋው፤ ስፌቱ መንገድ እንደሳተ መኪና ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ሰፊዋ ለማየት አልቻለችም፤ ግን አየች።

ሱሪውን አጥልቆ ከመጋረጃው ኋላ ወጣ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆየም፤ ወደ ታች ተንሸራተተ። በሁለት እጁ ያዘው። ከሆዱና ከጨርቁ መሀል መዳፉን አስገባ፤ ገባ። ሌላኛውንም አስገባ፤ ገባ። አንገቱን አጎንብሶ ወደዚያ ክፍተት ብዙ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወደ ስምሪት ክፍል መሄዱም ቀረ።

በማግስቱ ሚዛን ላይ ወጣ። ኪሎው ወርዷል፣ ግፊቱም ወርዷል። ነርሷ ገና መንገድ አለ ብትለውም መሪውን አልነጠቀችውም። ከሚስቱ ጋር ግን ሁለት ቀን አኮረፈ፤ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ስትቀበለው ስለ አንድ አስቸጋሪ ተሳፋሪ መናገር ጀመረ፣ በዚያው ታረቁ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ሱሪውን የሚይዘው እሱ ራሱ ነው። ሲቀንስ ያጠባል፣ ሲጨምር ያሰፋል። ክረምቱ ሲገባና ዝናቡ መንገዱን ሲዘጋባቸው፣ አንድ እሁድ ስፌቱን ፈቶ ሲያሰፋ አየችው። ልቧ ድንግጥ አለ፤ ድሮ የእሱ የነበረው ሰበብ አፏ ላይ መጣ፤ «ሳሙናው ነው» ልትል ምንም አልቀራትም። እሱ ግን ክሩን በጥርሱ በጥሶ፣ «ጣት ጨምሬያለሁ» አላት፣ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው። «ነገ ዝናብ ቢሆንም በእግር ነን። ጃንጥላሽን እንዳትረሺ።»

ሰኞ ዘነበ። ሾፌሩ ቀድሞ ይሄዳል፣ እሷ ትከተላለች። ከኮቱ በታች የሱሪው የኋላ ስፌት ተጣሞ፣ ክሩ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፣ የማን ባል እንደሆነም ያውቃል። ምላጯ ቦርሳዋ ውስጥ ናት። አንድ አፍታ ነው የሚፈጀው፣ ሲተኛ እንኳ ሊሆን ይችላል። ሰፊዋ ጣቶቿን ሰብስባ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸውና እርምጃዋን ፈጠን አድርጋ ከጎኑ ደረሰች።